የሽንኩርት ስዋሂሊ

ደመቀች ባሏ ከሞተ ወዲህ በኬንያዋ ሞያሌ፣ ማንያታ ሰፈር፣ ለከባድ መኪና ሹፌሮች ምግብ እየሸጠች አሥራ ሁለት ዓመት ኖራለች። ስዋሂሊ የለመደችው ገበያ ላይ ስለሆነ፣ ራሷ «የሽንኩርት ስዋሂሊ» ትለዋለች። ዋጋ ያስቀንሳል፣ የበሰበሰ ያስመልሳል፤ ከዚያ አያልፍም።

በፈረንጆቹ 2016 ሚያዝያ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ዋርዮ መጣ። ዋርዮ የቦረና ሰው ነው፤ ምሳውን እሷ ዘንድ ስለሚበላ አማርኛ ይሞክራል።

«እትዬ ደመቀች፣ አሥራ አንድ ልጆች ጎልቦ ሜዳ ላይ ከጭነት መኪና ሲወርዱ ተይዘዋል። ከአማርኛ ሌላ አያውቁም። አስተርጓሚያችን ደግሞ ናይሮቢ ገባ። ሐሙስ አንቺ ነይልን።»

«ሌላ ሰው ፈልግ።»

«ፈለግሁ። ሁሉም ሱቅ አለኝ ይላል።»

«እኔም ድስት ጥጃለሁ። ደግሞ አንድ ቃል ብስት እኮ የሰው ልጅ እስር ቤት ይማቅቃል።»

«ሰው ካልተገኘ ያለ ቃል ይማቅቃሉ» አለ ዋርዮ።

ከሰዓት በኋላ ድንበሩን ተሻግራ የነፍስ አባቷን አባ ወልደ ሥላሴን አገኘቻቸው። ከለከሉኝ ለማለት ነበር የሄደችው።

«አባቴ፣ አልችልም ልበል?»

«አለመቻልሽስ እውነት ነው» አሉ፣ የቤተ ክርስቲያኑን በር እየዘጉ። «እግዚአብሔር የሚጠራው የሚችለውን ብቻ መሰለሽ? እሺ በዪ። ጉልበቱንም ጊዜውንም ለባለቤቱ ተዪለት።»

ተበሳጭታ ተመለሰች፤ ለዋርዮ ግን እሺ አለችው።

ሐሙስ ጎርፍ መንገድ ቆርጦ ዳኛዋ ሳይደርሱ ቀሩ። ቀጠሮው ለሳምንት ተላለፈ። ደመቀች መምህር እንደቀረላት ተማሪ ደስ አላት፤ እስከዚያ ሌላ ሰው ይገኛል ብላ አሰበች። አልተገኘም። በሳምንቱ ዳኛዋ ታመሙና ሌላ ሁለት ሳምንት ተጨመረ። አሁን ደስታዋ ወደ ንዴት ተለወጠ። «ካልሆነ ይቅር፣ ከሆነ ይሁን፤ እንዲህ ማንጠልጠል ምን ይባላል?» አለችው እግዚአብሔርን፣ ሥጋ እየከተፈች።

መጠበቁ ካልቀረ ብላ ለልጆቹ ምግብ ማመላለስ ያዘች። ዋርዮም ምሳ በበላ ቁጥር የፍርድ ቤት ቃላት ያስጠናታል። ሻሂዲ ምስክር ነው፤ ዳማና ዋስትና። አንድ ቀን «ሐቲያ» አላት። «በሕግ ፊት ጥፋተኛ መሆን።»

ደመቀች ጭልፋውን አስቀመጠች። «ኃጢአት ማለት አይደለም?»

«የለም፤ ኃጢአት ዳምቢ ነው።»

ከልጆቹ መካከል ሳሮን የምትባል የሆሳዕና ልጅ ነበረች፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሌሎቹ የተከሰሱት ያለ ፈቃድ በመግባት ብቻ ሲሆን፣ እሷ ግን ካመለጠው ደላላ ጋር ሰው በማሻገርም ጭምር ነበር። አምናለች ይባላል። ደመቀች በዚያው ቀን ምግብ ይዛ ሄደችና ጠየቀቻት።

«ፖሊሱ ምን ብሎ ጠየቀሽ?»

«በተሰባበረ አማርኛ ሐቲያ አለብሽ ወይ አለኝ። ኃጢአት መሰለኝ። እንዴት የለብኝም እላለሁ? አለብኝ አልኩት።»

«የደላላውስ ስልክ እጅሽ ላይ ተገኘ አሉ።»

«እያስመለሰኝ ስለተቸገርኩ ጋቢና አስገቡኝ። እሱ ዘሎ ሲሮጥ ስልኩን ጭኔ ላይ ጣለው።»

የችሎቱ ቀን የአሥሩ ጉዳይ ቶሎ አለቀ። የሳሮን ተራ ሲደርስ ዐቃቤ ሕጉ ማመኗን ከወረቀት አነበበ። ከደመቀች የሚጠበቀው ይህንኑ መተርጎም ነበር፤ ሌላ ነገር የጠየቃት የለም። ዝም ማለት ትችላለች። እጇን አነሣች።

«ክብርት ዳኛ፣ ይህ ሐቲያ የሚለው ቃል በእኛ ቋንቋ ሌላ ነው።»

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሌላ ማለት?»

«እኛ ዘንድ ሐቲያን የሚመስለው ቃል በእግዚአብሔር ፊት ያለውን በደል ነው የሚለው። እኔንም ቢጠይቁኝ አለብኝ እላለሁ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ዳኛዋ አልሳቁም። ጥያቄው ከሥሩ እንደገና እንዲቀርብ አዘዙ፤ ደመቀችም በቀስታ፣ ቃል በቃል ተረጎመችላት። ሳሮን «ሰው አላሻገርኩም» አለች። ይኸው ተመዘገበ።

የማሻገሩ ክስ ምስክር ስላልቀረበበት ከሁለት ሳምንት በኋላ ተነሣ። ሳሮን ከሌሎቹ ጋር ያለ ፈቃድ በመግባት የተፈረደባትን የወር እስር ጨርሳ ለኢትዮጵያ ወገን ተሰጠች። ደመቀች ድንበሩ ድረስ ሸኘቻት።

ከሽኝቱ መልስ አባ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ጎራ አለች።

«አባቴ፣ ችሎቱ ያን የመጀመሪያውን ሐሙስ ቢሆን ኖሮ፣ እኔው ራሴ ኃጢአት ብዬ እተረጉመው ነበር።»

ቄሱ «እንግዲህ» አሉና ሊባርኳት መስቀላቸውን አወጡ።

ሰኞ ዋርዮ ምሳ ሊበላ ሲመጣ አስተርጓሚ የሚፈልግ ሌላ መዝገብ እንዳለ ነገራት። ደመቀች ሳህኑን አስቀመጠችለትና ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ ጠየቀችው።