የተበየደ በር

አይ፣ በሩ መከፈት የለበትም፣ የውድድር መኪና በር ተበይዶ ይዘጋል፣ ሾፌሩ በመስኮት ነው የሚገባው፣ ይህን የመጫወቻዋ መኪና ካርቶን ላይ ላለው ሥዕል ማን ይንገረው፣ ሥዕሉ ላይ ያለችው የቤተሰብ መኪና ናት፣ አባት፣ እናት፣ ሻንጣ፣ ሁሉም ፈገግ ብለዋል። እሱ ሊሠራት የሚፈልጋት ግን ሌላ ናት፣ ድሮ የጋራዡ አለቃ ወንበሯን ነቅሎ፣ መስታወቷን አውጥቶ ለውድድር ያሰለፋት አሮጌ መኪና። ያኔ እሱ ገና ጀማሪ ባትላሜ፣ የመኪና ገላ ቀጥቃጭ፣ ነበር፣ የግራ በሯን የበየደው እሱ ነው፣ በገዛ እጁ፣ በዚህ በቀኙ።

በዚህ በቀኙ። ላሜራ የቆረጠው ጅማት ተሰፍቷል፣ ጠባሳው ደርቋል፣ ጣቶቹ ይታጠፋሉ ይዘረጋሉ፣ የሚነኩትን ግን አያውቁም፣ የሰው ጣት ተውሶ የገጠመ ነው የሚመስለው። ነርቭ ቀስ እያለ ነው የሚያድገው፣ አለ ሐኪሙ፣ ለእጅዎ ትንንሽ ሥራ ይስጡት፣ እንደ ልጅ ያስተምሩት። ሚስቱ ይህን ሰምታ የሚገጣጠም የፕላስቲክ መኪና ገዝታ መጣች፣ እንካ፣ ከኔ ጋር ከምትነታረክ ከዚህ ጋር ተነታረክ።

ተነታረከ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ በጋራዡ ልማድ ቀለሙን በቲነር አቅጥኖ ቢቀባው ጣራው ተሸብሽቦ ቁጭ፣ ዕድሜ ልኩን ብረት የቀባ ሰው ፕላስቲክ መሆኑን ረሳው፣ ሚስቱ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ለመኪናዋ ከአይስክሬም ክዳን ሌላ ጣራ ቆረጠላት፣ ስትገለበጥ ሾፌሩን የሚጠብቁትን የውስጥ ቱቦዎቿን ከሽቦ አጠፈ፣ የበሩን ስንጥቅ እንደተበየደ አድርጎ በስቱኮ ደፈነ፣ ሁሉን በግራው፣ ቀኙ ዝም ብሎ ይይዛል እንጂ።

ባትላሜ የሚያየው በመዳፉ ነው፣ ዓይን ይሸወዳል። ዓይኑን ጨፍኖ ላሜራውን ይዳብሳል፣ እብጠቱንም ስርጉዱንም መዳፉ ይነግረዋል፣ ካልነገረውስ፣ ካልነገረው ምኑን ባትላሜ ሆነ፣ ጋራዡ ዘበኛ አድርጎ ይቀበለው ይሆናል፣ ገቢ ወጪው አይዞህ እያለው። አይዞህ መባል ያንገሸግሸዋል።

በሩን ሲፍቅበት የቆየውን ብርጭቆ ወረቀት ያስቀምጣል። በሩ ልስልስ ብሏል፣ ሚስቱም ከኋላው ቆማ ልስልስ ብሏል ትላለች፣ ቀባው በቃ፣ ምን ትጠብቃለህ። ቆይ እስቲ። ዓይኑን ይጨፍናል፣ የቀኙ አመልካች ጣት፣ ኮፈኑ ላይ፣ የጎማው ዙሪያ፣ ምንም፣ በሩ ላይ፣ ምንም፣ እንደ ሁልጊዜው ድንዝዝ፣ ተስፋ የሚሉት ነገር ሰውን ያጃጅላል፣ ምንም፣ ቆይ። ወደ ኋላ። እዚህ ጋ።

እብጠት አለው፣ ይላታል። የት ላይ? እዚህ፣ ከታች ጥጉ ላይ። መነጽሯን ታደርጋለች፣ መኪናዋን ወደ መስኮቱ ታነሳለች፣ እኔ ምንም አይታየኝም። ንኪው። ነካሁት፣ ለስላሳ ነው እኮ፣ አንተ ሰውዬ። ተመኝቶት ይሆን? ሰው የተመኘውን መዳሰስ ይችላል? ግራውን ያመጣል፣ ደህናውን፣ ያልተቆረጠውን፣ ግራውም ሄዶ ሄዶ እዚያው ላይ ይቆማል። አለ። ፀጉር የምታህል ናት፣ ግን አለች፣ ስቱኮ አብዝቶ ኖሯል፣ ቀድሞ ያገኛትም ቀኙ ነው፣ ይሄ በድን።

ተበላሸ እንዴ? ትለዋለች፣ ፊቱን አይታ ደንግጣ።

ተበላሽቷል፣ ይላታል፣ ይስቃል፣ እንባውም ይመጣል፣ ተበላሽቷል፣ እንደ አዲስ ነው የምፍቀው።