ሐይቁ ዳር የበቀለ ዳገት

ማርጎ የሰው ጉልበት ላይ ይህን ያህል ዓይኗን ተክላ አታውቅም። ሚስተር ፕሩት ወደ ብስክሌት መጠገኛው የሚያስገባውን ሦስት ደረጃ ሲወጡ የግራ ጉልበታቸው ቀጭ ቀጭ ይላል። መደገፊያውን ይዘው፣ መሃል ላይ አንዴ ትንፋሽ ወስደው ነው የሚደርሱት። እንግዲህ በዚህ በጋ ከፒንየን ከተማ ሰው ሁሉ በላይ ዳገት የወጡት እኚህ ሰውዬ ናቸው። ሰሌዳው እንደዚያ ይላላ!

ሰሌዳው የኢኔስ መጠገኛ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የተራራ ሯጮች ማኅበር አባላት ሦስቱን የበጋ ወራት የወጡትን ዳገት፣ የእጅ ሰዓታቸው በለካው መሠረት፣ እየደመሩ ይጽፉበታል። ቁልቁለቱ አይቀነስም፤ የወጣኸው ያንተ ነው። አንደኛ የወጣ ሰው፣ በመስከረሙ ትልቅ ሩጫ ለማኅበሩ የተሰጠችውን ቦታ ይወስዳል። ቦታዋ አንዲት ናት። አሥራ ሰባት ዓመት የሆናት ማርጎ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ ያቺን ቦታ ስታልም ኖራለች።

ፕሩት ስልሳ አራት ሺህ ጫማ፤ ማርጎ ስልሳ አንድ ሺህ፤ ሦስተኛዋ ሯጭ ቢያትሪስ ሃምሳ አራት ሺህ። የቀረው አራት ቀን ነው።

"ኢኔስ፣ እኚህ ሰውዬ አሳንሰር ውስጥ ነው እንዴ የሚኖሩት?"

ኢኔስ ከተገለበጠ ብስክሌት ጀርባ ሆና ሰንሰለት ትቀባለች። "የሰው ስም አታጥፊ።"

"ጠየቅሁ እንጂ አላጠፋሁም።"

"ያንቺ ጥያቄ ሁልጊዜ ካቴና ይዞ ነው የሚመጣው።"

በማግስቱ ጠዋት ማርጎ ሚስተር ፕሩትን ከቤታቸው ጀምራ በሩቁ ተከተለቻቸው። የእጅ ሰዓታቸውን ውሻ አንገት ላይ ያስሩታል፣ ወይ መኪና ውስጥ ሆነው ተራራውን ይወጡታል ብላ ነበር። ሰውየው ግን ቀጥ ብለው ወደ ሐይቁ ወረዱና ዳር ዳሩን መዞር ጀመሩ። ነፋሱ ባርኔጣ ያስጥላል፤ መንገዱ እንደ ገበታ የተዘረጋ ነው። ከግድቡ አጠገብ አንዲት አጭር አቀበት ብቻ አለች። እሷን አዝግመው ወጡ፣ ከኪሳቸው ቡሪቶ የሚባል ጥቅል ቂጣ አውጥተው በሉ፣ ለዳክዬዎቹ የሆነ ነገር ነገሯቸው፣ ቀጠሉ። ማርጎ ቁጥቋጦ ውስጥ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጣ እግሯ ደነዘዘ። አንዳች ተንኮል አላየችም። ይኼ ደግሞ ጭራሽ አናደዳት፤ ተንኮል የሌለበት ሰው እንዴት ነው የሚታመነው?

ከሰዓት በኋላ ሚስተር ፕሩት መጥተው ሰሌዳው ላይ ዘጠኝ መቶ አሥር ጫማ ጨመሩ።

"አያፍሩም?" አለች ማርጎ።

"በምኑ?"

"ዛሬ የዞሩት ሐይቁን ነው። ዘጠኝ መቶ ጫማ ከየት መጣ? ዳክዬ ላይ ወጡ?"

"ተከተልሽኝ?"

"መንገድ ገጥሞን ነው።"

"የኔ ልጅ፣ እኔ ሰዓቱ ያለኝን ነው የምጽፈው። ከሰዓት ጋር ስከራከር አልኖርም።" ሰዓታቸውን ፈትተው ለኢኔስ ሰጧት።

ኢኔስ ከኮምፒውተሯ ጋር አገናኘችው። ቀጥ ማለት የነበረበት መስመር የመጋዝ ጥርስ ሆኖ ብቅ አለ። ትንሽ አየችውና ሳቀች። "ሰዓቱ ከፍታን የሚለካው በአየር ግፊት ነው። ነፋሱ ሲመታው ግፊቱ ይለዋወጥበታል፤ ሁለት ሦስት ጫማ ወጣሁ፣ ወረድኩ ይላል። መውረዱን አንቀንስም፤ መውጣቱን ግን አንድም ሳይቀር እየለቀምን እንደምራለን።"

"ታዲያ ትንንሾቹን አትቁጠሪያቸው" አለች ማርጎ።

"ከስንት በታች ያሉትን?"

"ከአምስት ጫማ።"

ኢኔስ ሞከረችው። የፕሩት የበጋ ድምር ወደ ሠላሳ አራት ሺህ ተንከባለለ። "የአንዱ ሕግ የሁሉም ነው" ብላ የሌሎቹንም አስገባች። ማርጎ ሃምሳ አምስት ሺህ፤ ቢያትሪስ ሃምሳ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ።

"አለቀ" አለች ማርጎ ቶሎ ብላ። "አምስት ጥሩ ቁጥር ነው።"

ሚስተር ፕሩት መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ። ማርጎ ያን አስተያየት ታውቀዋለች፤ በጋውን ሙሉ እሳቸውን ያየችበት ነው። "በአምስት ሲሆን የኔ ሐይቅ ስንት ይላል?"

"ሁለት መቶ አርባ" አለች ኢኔስ።

"በአሥርስ?"

"ሃያ።" ኢኔስ ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አድርጋ የሌሎቹንም አየች፤ ድምፅዋም ቀነሰ። "በአሥር ግን ቢያትሪስ ሃምሳ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ፣ ማርጎ ሃምሳ ሺህ ስምንት መቶ ትሆናላችሁ። ቢያትሪስ አንዱን ተራራ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ ብዙም አይጎድልባትም። አንቺ የምትሮጪበት ሸንተረር ጉብታ በጉብታ ነው።"

"ጉብታዎቹን በእግሬ ነው የወጣኋቸው! በነፋስ አይደለም።"

"አውቃለሁ። ሰዓቱ ግን ያንቺን ጉብታ ከነፋሱ አይለይም።" ኢኔስ እጇን በጨርቅ ጠረገች። "እንግዲህ በሐይቁ እንፍረድ። ከግድቧ አቀበት ሌላ ወጣ ገባ ካለው ሁለት መቶ አርባው እውነት ነውና አምስት ይሁን፤ ከሌለው ሃያው ነውና አሥር። ሚስተር ፕሩት ባለጉዳይ ናቸው፤ እኔ ያንን መንገድ ረግጬው አላውቅም። ዛሬ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብለሽ ያየሽው አንቺ ነሽ።"

ማርጎ ምላሷ ላይ የተዘጋጀ ቃል ነበራት፤ "ትንሽ ትንሽ ወጣ ገባ አለው" ብትል ማን ይሟገታታል? ሚስተር ፕሩትን አየቻቸው። ጉልበታቸውን እያሻሹ ነው።

"ሜዳ ነው" አለች። "ከግድቧ አቀበት በቀር ለጥ ያለ ሜዳ።"

ሰሌዳውን ራሷ ጠርጋ ቢያትሪስን ከላይ፣ ራሷን ከሥር ጻፈች። ጠመኔው ሁለቴ ተሰበረባት። ከዚያ ቁጭ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ አጠበቀች።

"ሁለት ሺህ አራት መቶ ነው የቀረኝ። ሦስት ቀን አለኝ አይደል? ጉብታ የሌለው፣ ቀጥ ያለ ዳገት የቱ ነው?"

"ቢያትሪስ የምትወጣው" አለች ኢኔስ።

"እሷ በስንት ሰዓት ነው የምትወጣው?"

"ለምን ፈለግሽው?"

"እንዲሁ፣ መንገድ ከገጠመን ብዬ" አለች ማርጎ፤ በሩንም ከፈተች።