ሆደ ሰፊው ጊታር

ልጄን ማኦርን ቤኤር ቱቪያ ከሚሠራበት ፋብሪካ ሲመለስ መኪና ገጭቶ ገደለው። ጊታሩ ቂርያት ማላኪ ከተማ ባለው ቤታችን ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ትልቅ ነው። ወገቡ እንደ ሌሎቹ ጊታሮች አልጠበበም፤ ሆዱ ጥልቅ ነው። ማኦር ሲይዘው ደረቱ ከኋላው ይደበቅ ነበር።

የሐዘኑ ሰባት ቀን አልቆ ለቀስተኛው ሲበተን ባለቤቴ የሺዓለም ብቻዋን ማልቀስ ጀመረች። እንደ አገራችን ወግ በዜማ ነው። ስሙን ትጠራለች፣ ሥራውን ትዘረዝራለች፣ መጨረሻ ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታቆማለች። አንድ ቀን ስታቆም ጊታሩ ድምፅዋን ተቀብሎ አቆየው። ማንም አልነካውም። መስኮቱም ዝግ ነበር።

«ሰማህ?» አለችኝ።

«ሰማሁ።»

«ልጄ ነው። መለሰልኝ።»

 ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ታለቅሳለች። ከመለሰላት ትበላለች። ካልመለሰላት አትበላም።

እኔ ጊታሩን አየው ነበር። ሆዱ አብጧል። ክሮቹ የታሰሩበት እንጨት ከሥሩ ተነሥቶ ጥፍር ያስገባል። ሴት ልጄ ማዕያን ገዴራ ከተማ የጊታር ጠጋኝ አለ አለች።

የሺዓለም ግን አልለቅም አለች። «ደግማችሁ ልትቀብሩት ነው?»

«ከተሰበረ በምን ይመልስልሻል?» አልኳት። ለቀቀች። ከማዕያን ጋር ወሰድነው።

ጠጋኙ ያኒቭ የአገራችን ሰው ልጅ ነው። ሆዱን በጣቱ መታ መታ አደረገው።

«አባባ፣ ይሄ ጊታር ነው ወይስ እርጉዝ ላም?»

ማዕያን ሳቀች። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች።

ያኒቭ እየሠራ አወራን። እንዲህ ያለውን ያወጡት አሜሪካኖች ናቸው አለ፤ መቶ ዓመት አልፎታል። ያኔ ድምፅን በኤሌክትሪክ ማጉላት ገና አልተለመደም ነበር። ትንሹ ጊታር ከሌላ መሣሪያ ጋር ሲመታ አይሰማም። ስለዚህ ሆዱን አሰፉት፤ ወፍራም ድምፅ አገኙ። ብቻውን የሚዘፍን ሰው ወደደው፤ ብዙ ሰው ያጀበው ያስመስለዋልና።

«ደግሞ መስጠት ብቻ አይደለም፣ ይቀበላልም» አለ። «አጠገቡ ሰው ሲዘፍን፣ ክሩ ለዚያ ድምፅ ከተቃኘ፣ ራሱ ይጮኻል። ሰይጣን አይደለም፣ ቤሰደር? እሺ?»

«ክሩ ከላላ ለሚስቴ ልቅሶ ይመልሳል?» አልኩት።

«የሴት ድምፅ ቀጭን ነው፤ ለሷ ዝም ይላል። ግን ሆዱ እስኪመለስ መላላት አለበት። ካጠበቃችሁት እንጨቱ ይገነጠላል።»

ጠግኖ፣ ክሩን አላልቶ መለሰልን። ሰቀልነው። የሺዓለም አለቀሰች። ጊታሩ ዝም አለ። ደገመች። ዝም።

«የት ጥላችሁት መጣችሁ?» አለች። ሳህኑን ገፋችው። በማግስቱም ገፋችው።

«አባ፣ እናጥብቀው» አለች ማዕያን። «ይሰበር!»

«ተሰብሮስ?» አልኳት። 

ከሰዓት በኋላ የሺዓለም ወንበሯ ላይ እንዳለች ዐይኗን ጨፈነች። ምግቡ አጠገቧ ነው። እጇ ቀጥኗል።

በእኛ ቤት ወንድ በዜማ አያለቅስም። አባቴም አላለቀሰም። ማኦር ከሞተ ጀምሮ እኔ ስሙን አልጠራሁም። ግን ድምፄ ወፍራም ነው፤ የላላ ክርም ወፍራም ነው። ጊታሩ ፊት ቆምኩ። ትብላ ብዬ ነው።

አፌን ከፈትኩ። ስሙ ገና ጉሮሮዬ ላይ ሳለ ጊታሩ ጀመረ። ከሆዱ ሥር፣ ዝቅ ብሎ።

የሺዓለም ዐይኗን ገለጠች።

«ጠራኸው?»

«ጠራሁት» አልኩ።

ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችና መብላት ጀመረች። እኔ ከቆምኩበት አልተነቃነቅሁም። አፌን ዘግቼ ነበር። እሱ ግን አላቆመም።