የግራ ጫማ

ሾፌሯ የግራ ጫማዋን አጣችው። የማለዳው አውቶብስ ሊነሳ ግማሽ ሰዓት ብቻ ቀርቶታል፤ ስምሪት ክፍሉ «አንድ ቀን ደግመሽ ካረፈድሽ መስመሩን ለሌላ ሰው እንሰጣለን» ካላት ገና ሦስት ቀኑ ነው።

«አልጋው ሥር አይተሻል?» አለች ታላቅ እህቷ በሹክሹክታ። ቀን ቀን የሾፌሯን ትንሽ ልጅ የምትጠብቀው እሷ ናት። «ካላየችሽ አታለቅስም» ብላ ተደብቆ መውጣትን ያስተማረቻትም እሷው ናት። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሾፌሯ ጫማዋን አንጠልጥላ፣ በካልሲ፣ ከገዛ ቤቷ እንደ ሌባ ወጣች። እውነትም ልቅሶ አልሰማችም። ልጅቷ ግን ከዚያ ወዲህ ሽንት ቤት ሳይቀር ትከተላታለች፤ የምትተኛውም የልብሷን ጫፍ ጨብጣ ነው።

ሾፌሯ ብርድ ልብሱን ገለጥ ስታደርግ፣ ጫማው የሦስት ዓመቷ ልጇ እቅፍ ውስጥ ነው። የልጅቷ ዓይን ፍጥጥ ብሏል።

«ስጪኝ የኔ እናት።»

«ትጠፊያለሽ።»

«እኔ ከረሜላ ላሳያት፣ አንቺ ሹልክ በይ» አለች እህትየው።

«እትዬ፣ ተይን እስቲ! በአንቺ ዘዴ አይደል እንዴ ልጄ የጫማ ዘበኛ የሆነችው?» ወደ ልጅቷ ዞራ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። «እሄዳለሁ። ምሳሽን በልተሽ፣ ተኝተሽ ስትነሺ እዚህ ነኝ።»

ጫማውን ያገኘችው የልጅቷን ጣቶች አንድ በአንድ አላቅቃ ነው። ጩኸቱ እስከ መንገዱ ማዶ ተከተላት።

አውቶብሱን በሰዓቱ አንቀሳቀሰች። ከሰዓት በኋላ ግን መንገዱ ተዘጋጋ። ልጅቷ ስምንት ሰዓት ላይ ትነቃለች። ምን አስቀባጠረኝ፣ «ማታ እመጣለሁ» ብላት ምን ነበረበት?

«ልጄ፣ መሪውን ልትነቅዪው ነው እንዴ?» አሏት ከኋላዋ የተቀመጡ ሽማግሌ።

ቁልፉን ለተረኛው አስረክባ ሮጠች። ደረጃው ላይ ስትደርስ ቤቱ ጭጭ ብሏል። ዝምታው ከጠዋቱ ጩኸት ባሰባት።

ልጅቷ ጉንጯ ላይ የትራስ ሰንበር እንደታተመ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች።

«አሁን መንቃቷ ነው» አለች እህትየው። «በሩን ብቻ ነው የምታየው።»

ልጅቷ አልሮጠችም፤ አልሳቀችምም። ወርዳ እናቷ እግር ሥር ቁጢጥ አለች፤ ሁለቱንም ጫማ ከእናቷ እግር ላይ አውልቃ ወደ አልጋዋ ወሰደቻቸው።

ሾፌሯ የነገውን የማንቂያ ደወል ሃያ ደቂቃ ቀደም አድርጋ ሞላችው።