ለገረሱ ጣፋጭ አይሸጥም

ሚስቴ ዋጋነሽ ለሰፈሩ ሱቆች በሙሉ አዋጅ አውጃለች፤ ለገረሱ ጣፋጭ የሚባል ነገር እንዳይሸጥ። ለስላሳ የለም፣ ብስኩት የለም፣ ማስቲካ እንኳ የለም። ሃምሳን ያለፍኩ ሰውዬ፣ በገዛ ገንዘቤ! በእርግጥ ነገሩ ከሜዳ አልመጣም። ስኳር በሽታ ግራ እግሬን ከጉልበቴ በታች አስቆርጦኝ፣ ቁስሉ በቅጡ ሳይድን የእህቷ ልጅ ሰርግ ላይ ኬክ ስሰርቅ እጅ ከፍንጅ ይዛኛለች። ከዚያ ወዲህ አታምነኝም። ኪሴን ትፈትሻለች።

ብስክሌት መንዳቴን ግን ወዳዋለች። ሐኪሙ «ካልተንቀሳቀሱ የቀረችውም እግር ታሰጋለች» ሲለኝ ከእኔ ይልቅ የደነገጠችው እሷ ናት። ሰው ሰራሹ እግሬ ከፔዳሉ እየተንሸራተተ ሲያስቸግረኝ በካላማዳሪያ፣ በአሮጌ የጎማ የውስጥ ላስቲክ ቁራጭ ጠፍሮ ማሰርን ያመጣችውም እሷው ናት። ጠዋት ጠዋት ኢንሱሊኔን ሆዴ ላይ ትወጋኛለች፣ ቁርሴን ታበላኛለች፣ ኮርቻውን ይዛ ታስነሳኛለች። እኔም ከቀራንዮ ዓለም ባንክ ሰፈር ደርሼ እመለሳለሁ። የታክሲ ረዳቶች «ፋዘር፣ ይመችህ!» ይሉኛል። ደስ ይለኛል፣ ምን ልዋሽ። ስኳሬም ወረደልኝ።

ጣጣው መውረዱ ላይ ነው። ነርሷ «ብስክሌት ሲነዱ ከልክ በላይ ሊወርድብዎት ይችላል፤ ከረሜላ ከኪስዎ አይጥፋ» አለችኝ። ቤት ገብቼ ለዋጌ ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ከረሜላ? ነርሷ ናት ያዘዘችልህ? ኬክስ አላዘዘችም?»

«በእግዚአብሔር ስም እልሻለሁ!»

«የጌታን ስም ለከረሜላ አትጥራ» አለችኝ። እኔም እልኸኛ ነኝ፤ ተናድጄ ተውኩት።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት መርፌዬን ወግታኝ ለጸሎት ወደ ቸርች ሮጠች። ያስቀመጠችልኝን ቂንጬ ቀመስ አድርጌ፣ የቀረውን ስመለስ እጨርሰዋለሁ ብዬ፣ አጥር ተደግፌ ብስክሌቱ ላይ ወጣሁ። ዓለም ባንክ ደርሼ ስመለስ፣ ቤታችን አጠገብ ያለው የአዩብ ሱቅ ጋ ላብ አጠመቀኝ፤ ቀዝቃዛ ላብ። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ መሪው፣ ማንብሪዮው አመለጠኝ፣ ከነብስክሌቱ ተዘረርኩ።

አዩብ ጎበዝ ልጅ ነው። ሮጦ መጥቶ ካላማዳሪያውን በቢላ ቆርጦ፣ ደግፎ ሱቁ ደረጃ ላይ አስቀመጠኝ።

«ለስላሳ...» አልኩት። ምላሴ ተሳስሯል።

«ጋሼ፣ እሱንማ አይጠይቁኝ። ለእትዬ ዋጋነሽ ወላሂ ብዬላታለሁ። ውሃ ላምጣልዎት?»

«አንተ... ልሞት ነው...»

«ደውዬላታለሁ፣ እየመጣች ነው።»

ውሃ! ሰው እየሞተ ውሃ! ልሰድበው ፈለግሁ፣ ስድቡ ከአፌ አልወጣ አለ። የእኔ ስድብ እምቢ ሲል ያን ጊዜ ፈራሁ።

ዋጋነሽ በቤት በኩል ዞራ መጣች፤ መርፌውን ሞልታ ይዛለች። «የሆነ ነገር በልቶ ነው! ስኳሩ ተነስቶበት ነው!» ትላለች። እንዳትለካኝ የመለኪያው ወረቀት አልቆብን ነበር። ሸሚዜን ገለጠች። የወረደውን ስኳሬን ይበልጥ የሚያወርድ ያ መርፌ ከገባ አበቃልኝ፤ ይሄን የማውቀው ደግሞ መናገር ያቃተኝ እኔ ብቻ ነኝ።

እጇን መታሁት። በጡጫ፣ ባለኝ ኃይል። በትዳራችን እጄን አንስቼባት አላውቅም። መርፌው ወደቀ። «ኧረ መታት! ምን ዓይነት ጉድ ነው!» ብሎ ሰው ጮኸ። ሱቁ በር ላይ በኪሎ የሚሸጠው ስኳር ከነጆንያው አፉን ከፍቶ ቆሟል። በደረቴ ተስቤ ደረስኩበትና እጄን ከተትኩ። እያፈስኩ አፌ ውስጥ ሞጀርኩት። አዩብ ጆንያውን ይጎትታል፣ ዋጌ ትከሻዬን ይዛ «በኢየሱስ ስም ተው! ኧረ ሊሞትብኝ ነው!» እያለች ታለቅሳለች። እኔ እውጣለሁ።

ጥቂት ቆይቶ መንቀጥቀጡ ለቀቀኝ፣ ዓይኔም ጠራ።

«ነግሬሽ ነበር» አልኳት። ቃሉ ቀጥ ብሎ ወጣ።

እኔን አየች፣ መሬት ላይ የወደቀውን መርፌ አየች፤ ገባት። ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። አዩብ ይሄኔ ለስላሳ ከፍቶ ከች አለ። አሁን!

በማግስቱ ጠዋት፣ ቁርሴን አቅርባ፣ መርፌውን ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የመታሁት እጇ በልዟል። እግሬ ከተቆረጠ ጀምሮ የምትወጋኝ እሷ ናት፤ አሁን መርፌውን ወደ እኔ ዘረጋችው።

«ራስህ ተወጋ።»

«የመርፌው መስመር ለዓይኔ አይታየኝም፣ ታውቂያለሽ።»

«በእጄ ልገድልህ ነበር፣ ገሬ።»

«አልሞትኩም እኮ።»

«ስለመታኸኝ ነዋ!» እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «ሰፈሩ ሚስቱን ይደበድባል ይልሃል። ይበል። እንደገና ብሳሳት እንደገና ምታኝ። ማልልኝ።»

መርፌውን ወደ እሷ መለስኩላት። ሌሊት ኪሴ ውስጥ የጨመረችው ከረሜላ ኮሽ ኮሽ እያለ፣ ሸሚዜን ገለጥኩላት።