የወይዘሮ የሺወርቅ ሣር

ወይዘሮ የሺወርቅ በሰው አገር፣ ፓርክላንድስ በሚባል ሰፈር ባለው ግቢዋ ኩሬ ልታስቆፍር ኤክስካቫተር ያስገባች ዕለት፣ ሥራውን የያዘውን ይድነቃቸውን እንደ ሰው አልቆጠረችውም። "አንተ ሣር የምታውቀው ከብት ሲግጠው ነው" አለችው። ማሽኑ በሚያልፍበት ሁሉ ወፍራም ጣውላ አስነጠፈችው፤ አንዱ ጣውላ ትንሽ ሸሸት ባለ ቁጥር "ደንቆሮ" እያለች ከበረንዳ ትወርድበታለች። እሱ ጣውላውን አስተካክሎ ይቀጥላል። ሥራውን ጨርሶ፣ ጣውላውን ጭኖ ሲሄድ ሣሩ ላይ የማሽኑ ሰንሰለት ምልክት እንኳ አልነበረም።

ይህን ሣር ማን ይይላት? ለማርያም ዝክር የምታውቀውን ሐበሻ ሁሉ ጠራች፤ ይድነቃቸውም እንዲያይ ተጠራ። ዋዜማውን ሲዘንብ ውሎ ነበር። ቀድመው የደረሱት የነፍስ አባቷ ነበሩ፤ ሾፌራቸው መኪናውን በቀጥታ ሣሩ ላይ ነዳው። የሺወርቅ አፏን ከፈተች፤ ግን የነፍስ አባት እንዴት ይመለሳል? "ግድ የለም አባቴ፣ ይግቡ፣ ቤትዎ ነው" አለች። ያየ ሁሉ ተከትሎ ገባ። የመጨረሻው ፕራዶ እስከ ግማሽ ጎማው ሰምጦ ቀረ።

ደንቆሮው ይድነቃቸው መኪናውን ውጭ መንገድ ላይ አቁሞ በእግሩ መጣ። ጭቃውን ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እትዬ የሺወርቅ፣ ጣውላዎቹን ላምጣልዎት?" አላት።