ባሩና የጻፈው፣ እኔ ያነበብኩት

ያንቲ ኢንዶኔዥያዊት ናት። ዱባይ አጠገብ፣ አጅማን፣ አል ጁርፍ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ማዳም ቤት አብረን እንሠራለን፤ እሷ ልጆቹን ትይዛለች፣ እኔ ወጥ ቤቱን። የምንግባባው በተሰባበረ ዓረብኛ ነው። ሽንኩርት ስልጥ አጠገቤ ቆማ ስለ አገሯ ገጣሚ ታወራኝ ነበር።

ባሩና ይባላል። ወደብ ላይ ጆንያ ተሸካሚ ነበር። ግጥሙን ጆንያው ላይ በከሰል ይጽፍና ከሥሩ ስሙን ያኖራል። መርከቡ ከደሴት ደሴት ሲሄድ ግጥሙም አብሮ ይሄዳል። ተሸካሚው ሁሉ በቃሉ ያዘው፤ ሥራ ያቆሙ ቀንም እሱን እየጮኹ ነው የወጡት። ፖሊስ ሲይዘው «የኔ አይደለም በልና ቤትህ ግባ» አሉት። «የኔ ነው» አለ። ስድስት ዓመት ታሰረ፤ በወጣ በዓመቱ በሳንባ በሽታ ሞተ። እናቱ እስካሁን በያንቲ ሰፈር ገበያ ዓሣ ትሸጣለች።

እኔ ደግሞ ምን ሠራሁ? ያንቲ በዓረብኛ ከነገረችኝ አንዱን ግጥም ወደ አማርኛ መለስኩና ቲክቶክ ላይ አነበብኩት፦

የገዛችሁት ጉልበቴን ነው፤
አፌን ማን ሸጠላችሁ?

ስሙን አልጠራሁም። ቪዲዮው አጭር ስለሆነ ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። በማግስቱ «ሀምዲያ፣ አንጀቴን አራስሽው!» የሚል አስተያየት ጎረፈልኝ፤ የወሎ ልጆች፣ የአዲስ አበባ ልጆች፣ ቤሩት ያሉት ሳይቀሩ። ደስ አለኝ። አንዱንም አላረምኩም።

ከዚያ ጀሚል ደወለ። ቡር ዱባይ፣ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ በየወሩ የግጥም ዝግጅት የሚመራ ልጅ ነው፤ መጥተሽ አንብቢልን አለኝ። ያንቲ የባሩና ግጥም ሊነበብ ነው ስላት ካልሄድኩ አለች። የዒድ ልብሷን ለብሳ ከፊት ተቀመጠች። አማርኛ አንድ ቃል አታውቅም።

አነበብኩ። ሰው ቆሞ አጨበጨበ። ጀሚል ማይኩን አፌ ላይ ደቀነና «ዋላሂ፣ ሀምዲያ፣ ይሄን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» አለኝ። አንድ ስም መጥራት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ያንቲ ፊት ለፊቴ በስልኳ ትቀርጻለች።

«የኔ ነው» አልኩ።

የማን ቃል እንደሆነ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ሰውየው ይህን ብሎ ስድስት ዓመት ታሰረ፤ እኔ ይህን ብዬ ተጨበጨበልኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ማረም እችል ነበር እኮ፤ ማይኩ እዚያው ነበር። ፎቶ እንነሣ ሲሉኝ ግን ሄጄ ተነሣሁ፤ ፈገግም አልኩ።

ወደ አጅማን የሚመለሰው አውቶቡስ ውስጥ ያንቲ እጄን ያዘች።

«ስሙን ስትጠሪ አልሰማሁም» አለችኝ። «ጭብጨባው በዝቶ ነው፣ አይደል?»

«አዎ» አልኳት። ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ቀለለኝ፤ ይሄም አሳፈረኝ።

ቪዲዮውን ለባሩና እናት ላከችላት። ቀጥላ በአገሯ ቋንቋ ድምፅ ቀዳችና ስልኩን ወደኔ አስጠጋች። «ያላ፣ ስሙን በይላት። ከሐበሻ አፍ ትስማው።»

«ባሩና» አልኩ፣ በሰለለ ድምፅ። ያን ቀን ስሙን የጠራሁት ለወለደችው ሴት ብቻ ነው።

ሻርጃን ሳናልፍ የድምፅ መልስ መጣ። አሮጊቷ ታለቅሳለች። ያንቲም እያለቀሰች ተረጎመችልኝ።

«ስምሽን ጠይቃለች» አለችኝ። «ከልጇ ስም ጋር አብራ በዱዓዋ ልትጠራሽ።»